በሬ የማይገባበት እርሻ

ስለ መሬት ያልተጻፈ ነገር ያለን አይመስልም። ርስቱ፣ ጉልቱ፣ አሥራቱ፣ ገባሩ፣ በኋላም መሬት ለአራሹ የተባለበት አዋጅ፣ ሁሉም ተመዝግቧል፤ ሁሉም ተመርምሯል። ከቤቱ ኋላ፣ ከማጀቱ በር እስከ አጥሩ ድረስ ስላለችው ቁራሽ መሬት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ግብር ቆጣሪ የሚያየው አውድማ ላይ የተከመረውን እህል ነው። ጎመን አይከመርም። ጌሾ ጎተራ አይሞላም። ጤና አዳም ለሹም አይሰፈርም። በዚያ ላይ ጓሮውን የሚኮተኩቱት ሴቶች ነበሩ፤ መዝገቡን የሚጽፉት ደግሞ ወንዶች።

ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ በአያቴ ቤት ነው። ኋላ የታሪክ መምህር ሆኜ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የምኖረውም አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከወጣት ጎረቤቶቼ አንዷ በቅርቡ፣ «እትዬ፣ ትንሽ አትክልት ልጀምር ፈልጌ ነበር፤ ለመነሻ ስንት ብር ይበቃኛል?» አለችኝ። የሸክላ ማሰሮውን፣ በከረጢት የሚሸጠውን አፈርና በፖስታ የታሸገውን የውጭ ዘር ዋጋ በስልኳ አስልታ ጨርሳለች። ድምሩ ከአንድ ወር ኪራይዋ እኩሌታ ይበልጣል። ጓሮ ገንዘብ ላለው ሰው የተተወ ነገር ሆኖ መታየቱ አሳዘነኝ። በዚህ አገር ጓሮ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆመው ገንዘብ በሌላቸው ሰዎች እጅ፣ ቤት ውስጥ በሚተርፍ ነገር ነው። እንዴት እንደቆመ ላጫውታችሁ።

የአያቴ ጓሮ ለእንግዳ ዓይን የተዘበራረቀ ይመስላል። መስመር የለው፣ ድንበር የለው። ሆኖም እያንዳንዱ ተክል የቆመበት ምክንያት ነበረው። ጤና አዳሙና በሶብላው ከማጀቱ በር ሁለት እርምጃ አይርቁም፤ ቡና ሲፈላ ወይም አይብ ሲቀርብ ልጅ ሮጦ ቀንጥሶ ይመለሳል። እጣቢው የሚደፋበት ላይ ኮባ ቆሟል። ኮባ ውሃ ይወዳል፤ ዳቦ በተጋገረ ቁጥርም ቅጠሉ ይፈለጋል። አመዱ ከሚደፋበት ዝቅ ብሎ የጎመኑ መደብ አለ። ከበረቱ ሥር፣ ፍጉ በሚጠራቀምበት፣ በቆሎና ዱባ ይዘራል። በረቱ ቦታ በቀየረ ቁጥር የበቆሎው ቦታ አብሮ ይቀየራል፤ ከብቶቹ ያደሩበት መሬት በሚቀጥለው ክረምት ሳይለፉበት ያበቅላል። ጌሾው አጥር ሥር ነው። ጌሾ አንዴ ከያዘ ዕድሜው ረጅም ስለሆነ ለመኮትኮቻ አስቸጋሪ የሚሆንበት ቦታ ላይ አይተከልም። አጥሩም ቢሆን ሥራ አልፈታም። ግራዋው ጋን ያጥባል፤ እንዶዱ ልብስ ያነጣል፤ ዳማከሴው ምች ለመታው ሰው ይታሻል።

እንዶዱን ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን ነገር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ ወደ ሰው የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። ከዚያች ምልከታ የተነሣው የዓመታት ምርምር ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። የዓለም ሳይንስ ያከበረው ተክል የእናቶቻችን የልብስ ሳሙና ነበር ማለት ነው።

ከጓሮው ተክሎች ሁሉ ግን አውራው ጎመን ነው። የሐበሻ ጎመን የዚህ አካባቢ ልጅ ነው፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከሁለት ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ መሆኑን አረጋግጠዋል፤ መገኛው የኢትዮጵያ ደጋ እንደሆነም ይስማማሉ። ፍሬው ጎመንዘር ይባላል፤ ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል። ጎመን ሰው የሚወደው ጣዕሙን ብቻ አይቶ አይደለም፤ የሚደርስበትን ጊዜ አይቶ ነው። በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ ሲያካፋ ዘሩ መደብ ላይ ይበተናል። ሰኔ ሲገባ ይነቀልና ተራርቆ ይተከላል። ሐምሌ ማብቂያ ላይ መቀንጠስ ይጀመራል። የአምናው እህል ጎተራ ውስጥ ተሟጦ፣ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ቆሞ ባለበት በዚያ የጭንቅ ጊዜ የሚደርስለት ጎመን ነው። የፍልሰታ ጾም 15 ቀንም የሚውለው እዚያው ላይ ነው። ረቡዕና ዓርቡ፣ ዐቢይ ጾሙና ሌላው ሲደመር የዓመቱን ግማሽ ገደማ ከሥጋና ከወተት ለሚርቅ ሕዝብ፣ ጓሮ ዓይን የሚያስደስት ትርፍ ነገር አልነበረም። ጾሙን የሚያሻግረው እሱ ነበር።

አያቴ ዘሩን ስታስቀር ያየሁትን እስከ ዛሬ እንዳለ አስታውሰዋለሁ። ከመደቡ ሁሉ ግንዱ ደልቦ ቅጠሉ የሰፋውን አንዱን ትመርጥና ቀይ ክር ታስርበታለች። ክር የታሰረበትን ማንም አይነካም፤ እንግዳ ቢመጣ፣ ወጥ ቢጎድል፣ ልጅ ቢያለቅስ አይቀነጠስም። ይረዝማል፤ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ከዚያ ቀጫጭን ፍሬዎቹ ይንዠረገጉበታል። ሲደርቅ የምትቆርጠው ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ነው፤ ፀሐይ ከመታው ፍሬው እየፈነዳ ዘሩ መሬት ይቀራል። ሰፌድ ላይ በመዳፏ ታሸውና ገለባውን በትንፋሿ ታነሣለች። ከዚያ ዘሩን ከአመድ ጋር ቀላቅላ አንገቷ በጠበበ ትንሽ ቅል ትከተዋለች፤ አፏን በጨርቅ ትወትፍና ከምድጃው በላይ፣ ጢሱ ከሚያልፍበት ማገር ላይ ታንጠለጥላለች። አመዱና ጢሱ ነቀዝ አያስጠጉም። በግንቦት ስትዘራም ዘሩን ለብቻው አትበትነውም። ደቃቅ ስለሆነ ከአመድና ከደረቅ አፈር ጋር ቀላቅላ ነው የምትበትነው፤ አለዚያ አንድ ቦታ ይከመራል። መደቡን ከፍ ታደርገዋለች፤ ውሃ እንዳይተኛበት። ቡቃያው ብቅ ሲል ደግሞ ቅጠል የሚበሳው ጥቃቅን ጥንዚዛ እንዳይጨርሰው ጠዋት በጤዛው አመድ ትነሰንስበታለች። ለዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም ከቤት አልወጣም።

ጓሮ ታሪክ ሠርቶ ያሳየበት ዘመን አለ፤ ክፉ ቀን። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሩን የፈጀው ያ ረኃብ የጀመረው በከብት ነው። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው ደስታ በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ገደለ ተብሎ ይገመታል። በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ። ማሳውን ጾም ያሳደረው በሬ ማጣቱ ነበር፤ ድርቁና አንበጣው የመጡት በዚያ ላይ ነው። ሰው መሬት እያለው ተራበ። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡን ለማበረታታት በእጃቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ በታሪክ ተጽፏል። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር የንጉሡን ትሕትና ለማሳየት ነበር የምጠቅሰው። ዛሬ ሌላም ነገር ይታየኛል። ዶማና መቆፈሪያ የጓሮ መሣሪያዎች ናቸው። በሬ ሳይኖር መሬት ማብቀልን ሴቶቹ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ጓሮ ድሮም በሬ አይገባበትም። ያን ጊዜ አገሩ በሙሉ፣ ንጉሡ ጭምር፣ ወደ ሴቶቹ እርሻ ተመለሰ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ድንችም ሰፊ ቦታ ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። ድንቹን እ.ኤ.አ. በ1858 አስገባ የሚባለው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ እስከ ሞተበት 1878 ድረስ አብዛኛውን ዕድሜውን በትግራይና በሰሜን ያሳለፈ ሰው ነበር። ድንቹ ለብዙ ዓመታት በየጥቂቱ ሲዘራ ቆይቶ፣ ረኃቡ ሲመጣ ተስፋፋ። በርበሬና በቆሎም እንግዶች ናቸው። ሁለቱም የአሜሪካ ተወላጆች ስለሆኑ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የነበረ ኢትዮጵያዊ ቀይ ወጥ አልቀመሰም፤ የበቆሎ እሸትም አልጠበሰም። እንዲህ ያለውን እንግዳ ዘር ማንም አስተዋይ ገበሬ ዓመት የሚበላበት የጤፍ ማሳው ላይ አይሞክረውም። መጀመሪያ ቤቱ አጠገብ፣ ዓይን በሚያርፍበት፣ ጥቂት ፍሬ ይዘራል። ከያዘና ልጆቹ ከወደዱት በሚቀጥለው ዓመት ይሰፋል። ዛሬ ያለ እነሱ ምግባችን ምግብ የማይመስለን ብዙ ነገሮች ወደ አገሩ የገቡት በማጀት በር በኩል ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ነገሩ ይገለበጣል። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ ጓሮው ራሱ ዋናው እርሻ ነው። እንሰቱ ቤቱን ከቦ ይቆማል፤ የከብቱ ፍግ በየቀኑ ከሥሩ ይደፋል፤ ከሱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎመንና ቦይና ይበቅላል። አያቴ ለዳቦ ቅጠል ብቻ የምትተክለው ኮባና የጉራጌዋ እናት ቆጮና ቡላ የምታወጣበት እንሰት ዘመዳሞች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ተቀምጦ በነበረበት ጊዜ እንሰትን አይቶ ሥዕሉን በመጽሐፉ አትሞታል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ከልብ ነው የተደሰትኩት። ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ በሚመዘገብበት መዝገብ ላይ ሰው በቤቱ ዙሪያ የተከለው ተክል ገባ።

ከተማ ላይ የሆነው ደስ አይልም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በየመኳንንቱ ሰፈር የተከፋፈለች ነበረች፤ በየግቢው ውስጥ ሰፊ ቦታ ነበር። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አዳናት፤ ጥላው ካረፈበት ሥር ግን ጎመን አይሆንም። ቢሆንም እስከ ደርግ ዘመን ድረስ መካከለኛ ኑሮ ያለው ቤት ሁሉ ከኋላው ጌሾና ጎመን አያጣም ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቀደውንም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። 500 ካሬ ሜትር ለጓሮ በቂ ነው፤ ከበቂም በላይ ነው። ጓሮውን የጎዳው የካሬው ማነስ ሳይሆን ባለቤትነቱ ነው። የቀበሌ ቤት የደረሰው ሰው ነገ ይነሣ አይነሣ ስለማያውቅ በሦስት ዓመት የሚደርስ ጌሾ አይተክልም፤ ግቢው ለብዙ አባወራ ሲከፋፈል ደግሞ የጋራ የሆነው ቦታ የማንም አይሆንም። በገጠርም በ1970ዎቹ ማብቂያ የመንደር ምሥረታ ሲካሄድ ገበሬው ጎጆውን ነቅሎ ሄደ። ጎጆ በአንድ በጋ መልሶ ይሠራል። ጌሾው፣ ቡናው፣ ኮባው ግን አብሮ አይሄድም። ስንት አጥር ሥር ስንት የዘር ቅል ተረስቶ እንደቀረ ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ኮንዶሚኒየሙ መጣ፤ መሬቱም ጭራሽ ከእግራችን ሥር ወጣ። ከተማው የሚበላው ቅጠል ከገበያ ሆነ፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው በአቃቂ ወንዞች ዳር የሚለማ ነው። አልሚዎቹ ጠንካራ ሠራተኞች ናቸው፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ወንዙ የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ ስለሚወርድ ግን በውሃውና በአትክልቱ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ለዚህ ነው ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ ጎመን መትከል መፈለጓን እንደ ቅንጦት የማላየው።

ስለ ዘሩ ሳልናገር ከዚህ አልወጣም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ዘር ሰብስቦ ሲመለስ፣ አገሪቱን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ መዘገባት። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ፣ በማሳው ላይ መጠበቅ አለበት ብለው ሠርተዋል። ራይት ላይቭሊሁድን የተሸለሙትም በዚያው በ1989 ነው፤ ባለ እንዶዶቹና ባለ ዘሩ በአንድ ዓመት። የአያቴን ቅል ዓይቶ ለሚያውቅ ሰው የዶክተር መላኩ ሐሳብ አዲስ አይሆንበትም። አዲስ የሆነው ሳይንስ የሷን እውቀት ማክበሩ ነው።

ለጎረቤቴ የነገርኳትም ከዚሁ የወጣ ነው። መጀመሪያ ፀሐይዋን እይ አልኳት፤ ከበረንዳዋ ላይ ግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኘው የትኛው ጥግ እንደሆነ። የሚያፈስ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጎኑ ለሁለት ከተሰነጠቀ ሁለት መደብ ይወጣዋል፤ ሥሩን በጋለ ምስማር ብሺው፣ ውሃ እንዳይቋጥር። የቀለም ባልዲም ይሆናል፤ ደህና አድርጎ ከታጠበ። አፈሩን ሁለት እጅ፣ የበሰለ ፍግ አንድ እጅ፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። አመድ ከተገኘ አንድ እፍኝ ብቻ። ተክሉ ምስርና ሩዝ የታጠበበትን ውሃ ይጠጣል፤ ሳሙናና ጨው የነካው ግን አይደፋበት። ተክሉንም ብዙ አታድርጊው አልኳት። ማጀትሽ በየሳምንቱ የሚፈልገውን ብቻ፤ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ቦታ ከተረፈ ነጭ ሽንኩርት። ጤና አዳም ከጎረቤት በተቆረጠ ቅርንጫፍ ይይዛል፤ ነጭ ሽንኩርት ማጀት ውስጥ ካቆጠቆጠው ፍንካች ይተከላል። ጎመኑን ከታች ከታች ቀንጥሺ፣ አናቱን አትንኪ፤ ሲያቆጠቁጥ ይከርማል። ከሁሉም አንዱን ደግሞ ለዘር ተዪው። ቀይ ክሩን ከእኔ ወሰደች።

ዘሩን ከሱቅ አልገዛንም። ለእናቷ ደወለች፤ እናቷ ወልዲያ ናቸው። ከሚመጣ ዘመድ ጋር በወረቀት የተጠቀለለ ጎመንዘር ላኩ፤ መቼ እንደሚዘራ፣ ስንት ጣት እንደሚራራቅ፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ በስልክ አስረዱን። አጠገቧ ሆኜ ስሰማ እኔ የማላውቀውም ነገር ነበረበት። የወሎው ጓሮ ከጎጃሙ ይለያል።

አንባቢ ሆይ፣ እናትህ ወይም አያትህ በሕይወት ካሉ በዚህ ሳምንት ደውልላቸው። ጓሯቸው ውስጥ ምን ምን ነበር? ከማጀቱ በር አጠገብ የቆመው የቱ ነበር? ዘሩን ማን ሰጣቸው? የሚሉትን ጻፈው፤ ከተቻለም አንድ ጭብጥ ዘር አስላክ። የመንግሥት መዝገብ ያላሰፈረውን ታሪክ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የጎመኑ ዘር ደግሞ ግንቦት ሳያልፍ መደብ ላይ መዋል አለበት።